ውሻዬ የሠራሁለትን ፍራሽ ትቶ ሲሚንቶ ላይ ይተኛል

ጥያቄው የመጣው ከአዳማ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ቡቺ የሚባል የሀበሻ ውሻ አለኝ። 4 ዓመቱ ነው፣ ወደ 22 ኪሎ ይመዝናል። በረንዳው ሲሚንቶ ላይ እየተኛ የሁለቱ ክርኖቹ ፀጉር አለቀ፣ ቆዳው ጠቁሮ ደደረ። አያከውም ግን ያስጠላል። አዘንኩለትና አሮጌ የስፖንጅ ፍራሽ ቆርጬ ማዳበሪያ ውስጥ ከተትኩ፣ ከላይ ብርድ ልብስ ሰፋሁበት፣ ጓሮ ጥግ ላይ አነጠፍኩለት። ሁለት ቀን ተኝቶበት ተመልሶ ሲሚንቶው ላይ ሄደ። ይባስ ብሎ አሁን ቤቱ ቁንጫ በቁንጫ ሆኗል። እናቴ ነጭ ጋዝ ርጭበት ትላለች፣ ጎረቤታችን ደግሞ የመኪና ጎማ ውስጥ አስተኛው ይለኛል። ገንዘብ ሳላወጣ ቤት ካለው ነገር ምን ልሥራለት? ክርኑስ እከክ ነው?»

ከክርኑ ልጀምር። እንደጻፍከው ከሆነ እከክ አይደለም። እከክ የያዘው ውሻ ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ነው የሚያድረው። የጆሮው ጠርዝ ይላጣል፣ ሆዱና ብብቱ ይቀላል፣ አንዳንዴም ባለቤቱ ራሱ ክንዱን ማከክ ይጀምራል። ያንተ ውሻ አያክም፣ ያለውም ሁለቱ ክርኖቹ ላይ ብቻ ነው። ይኼ መጅ ነው፤ ዶማ የሚይዝ ሰው መዳፉ ላይ እንደሚያወጣው ያለ።

ውሻ ለመተኛት ሲወርድ ልብ ብለህ አይተኸው ታውቃለህ? መጀመሪያ ከኋላ ቁጭ ይላል። ከዚያ የፊት እግሮቹን ወደፊት ያንሸራትትና በመጨረሻ በክርኑ ዱብ። ክርኑ ላይ ሥጋ የሚባል ነገር የለም፤ አጥንት፣ ቆዳ፣ ሲሚንቶ፣ በቃ። መጁ ራሱ አይጎዳውም፣ ሰውነቱ ራሱን ሲከላከል ያወጣው ነው። የሚያስፈራው ሲሰነጠቅና ሲደማ፣ ወይም ከሥሩ ውሃ ሲቋጥር ነው። እንቁላል የሚያክል፣ ስትነካው ለስለስ የሚል፣ እሱ ግን ብዙም የማያመው እብጠት ካየህ ውሃ ቋጥሯል ማለት ነው። በመርፌ ወግቼ ላፍስሰው እንዳትል! ውሃው ተመልሶ ይሞላል፣ በመርፌው የገባው ጀርም ደግሞ መግል ያመጣል፣ ከዚያ ቀላል የነበረው ነገር ቀዶ ሕክምና ድረስ ይሄዳል። ቫዝሊን ብትቀባው ቆዳውን ያለሰልሰዋል፣ ክፋት የለውም። መድኃኒቱ ግን ክርኑን ከሲሚንቶ መለየት ነው። ስለዚህ መኝታ ልሥራለት ማለትህ ትክክል ነው፣ የሳትከው አሠራሩን ነው።

ብዙ ሰው የውሻ መኝታ ሲያስብ የራሱን አልጋ ያስባል። ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ሞቅ ያለ። ውሻ ግን እንደኛ በመላ ሰውነቱ አያልበውም። በመዳፉ ጥቂት ያልበዋል፣ የቀረውን ሙቀት የሚያስወጣው በማለክለክና ሆዱን ቀዝቃዛ ነገር ላይ በመለጠፍ ነው። አንተ ደግሞ ከውስጥ ስፖንጅ፣ ዙሪያውን አየር እንደልብ የማያሳልፍ የፕላስቲክ ማዳበሪያ፣ ከላይ ብርድ ልብስ ደረብክለት። ያውም አዳማ ላይ! ቡቺ ሁለት ቀን የተኛልህ አክብሮህ ነው።

ቦታውም ሌላ ጣጣ ነው። ጓሮ ጥግ አልክ። ግቢ ጠባቂ ውሻ በሩን የማያይበት ቦታ አይረጋም፤ ወርቅ ብታነጥፍለት ትቶት ይሄዳል። ድሮ የሚተኛበትን ቦታ ሄደህ እይ። ከበረንዳው በሩ የሚታይበትን፣ ጀርባውን ለግድግዳ የሰጠበትን ሥፍራ መርጦ ታገኘዋለህ። የአዳማን ነፋስ አንተ ታውቀዋለህ፤ እነዚያን ኮረብታ ላይ የተተከሉ ተርባይኖች የሚያዞረው ነፋስ አቧራውን ይዞ ግቢ ሲገባ አንተ መስኮት ትዘጋለህ፣ ውሻው ያለው ግድግዳው ብቻ ነው። አዲሱን መኝታ እዚያው እሱ የመረጠው ቦታ ላይ አድርግለት።

አሁን ወደ ቁንጫው። አንተ ፍራሹ ቁንጫ ያመጣ መስሎሃል። ቁንጫው መጀመሪያም ቡቺ ላይ ነበረ፣ አንተ መዋለ ሕፃናት ከፈትክለት። አንዲት ቁንጫ በቀን ከ40 እስከ 50 እንቁላል ልትጥል ትችላለች። እንቁላሉ ልሙጥ ስለሆነ ፀጉር አይዝም፤ ውሻው ሲተኛ፣ ሲነሳ፣ ሲራገፍ ይረግፋል። በብዛት የሚረግፈውም ውሻው የሚያድርበት ቦታ ላይ ነው። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል ብርሃን ይሸሻል፣ ስፌትና ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ምግቡም አብሮት ነው ያለው። ትልልቆቹ ቁንጫዎች የሚጥሉትን፣ የደረቀ ደም ያለበትን ኩስ ይበላል። ያን ጥቁር ብናኝ ውሻህ ፀጉር ሥር አይተኸው ይሆናል፤ እርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ ብታራግፈው ዙሪያው ቀላ ይላል፣ ደም ስለሆነ።

ትሉ ካደገ በኋላ ድር ፈትሎ ይጠቀለላል። እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚሸነፈው። ድሩ ውስጥ ያለውን ቁንጫ የሚረጨው መድኃኒት በቀላሉ አያገኘውም። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት አድፍጦ ይጠብቃል፣ የእርምጃ ንዝረትና የትንፋሽ ሙቀት ሲሰማው ወጥቶ ይዘላል። ክሊኒክ የሚመጣ ሰው ሁሉ «ረጭተን ጠፍቶ ነበር፣ በ2 ሳምንቱ ተመለሰ» ይለኛል። የት ሄዶ ነው የሚመለሰው? ፍራሹ ውስጥ ነበር።

መዥገርም አለ። ቡናማው የውሻ መዥገር ደም ጠጥቶ ሲጠግብ ከውሻው ይወርድና የግድግዳ ስንጥቅ፣ የጣውላ መገጣጠሚያ ወይም የፍራሽ ስፌት ፈልጎ ይገባል። አንዷ ሴት መዥገር በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ግድግዳ ላይ ወደ ላይ የሚወጣ ትንሽ ቡናማ ነገር ካየህ እሱ ነው።

እንግዲህ እኔ የውሻ መኝታ ላይ ያለኝ ሕግ አንድ ነው፤ በየሳምንቱ አውልቀህ ማጠብ የማትችለውን አትሥራ። በነጻ ቢሰጡህም አትቀበል። አንተን ጉድ የሠራህ ብርድ ልብሱን መስፋትህ ነው። ተሰፍቶ የተዘጋ ስፖንጅ ማን ያጥበዋል? ቢታጠብስ መሃሉ እስኪደርቅ በፀሐይም ቀናት ይፈጃል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይማ ሳይደርቅ ይሸታል።

እናትህ ያሉት ነጭ ጋዝ ድሮ በየቤቱ የሚደረግ ነበር፣ አልፈርድባቸውም። ግን እንዳታደርገው። ጋዝ የውሻ ቆዳ ያቃጥላል፣ ውሻ ደግሞ ሰውነቱን ይልሳል። የላሰው ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ከገባ ሊገድለው ይችላል። በዚያ ላይ ጋዝ የጠጣ ጨርቅ ከሰል የሚነድበት ግቢ ውስጥ ማስቀመጥ ምን እንደሆነ አልነግርህም። ናፍታሊንም ለውሻ መርዝ ነው፣ መኝታው ሥር እንዳትከት። በረኪና በውሃ አቅጥነህ ወለሉን ብታጥብበት ጥሩ ነው፤ ሽንት ያለበት ጨርቅ ላይ ግን በቀጥታ አታፍስሰው፣ ከሽንቱ ጋር ሲገናኝ ጉሮሮ የሚያፍን ጋዝ ያወጣል። መጀመሪያ በደንብ በውሃ አለቅልቀው። ለሽታ በውሃ የቀጠነ አቼቶ ይበቃል። አቼቶና በረኪና ግን አንድ ሳፋ ውስጥ አይገናኙ፣ እሱም ሌላ የሚያፍን ጋዝ ነው።

የጎረቤትህ የጎማ ሐሳብ ፎቶ ላይ ያምራል። ቀለም የተቀባ፣ ትራስ የተደረገበት ጎማ ብዙ ጊዜ አያለሁ። በረንዳ ላይ ግን ጥቁር ጎማ ፀሐይ ሲያገኘው ይግላል፣ ዝናብ ሲያገኘው ደግሞ ውስጡ ውሃ ያቁራል፣ የቆመ ውሃ ደግሞ ትንኝ ያራባል። ወባ ባለበት ከተማ ጎማ ግቢ ውስጥ መደርደር ለምን ያስፈልጋል? ያረጀ ጎማ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ያለው ሽቦ ወጥቶ ይወጋል። ተወው።

ማዳበሪያውን በተመለከተ፣ ከተማ ውስጥ የስኳሩንም የጤፉንም የፕላስቲክ ጆንያ ሁሉ ማዳበሪያ ነው የምንለው። ያንተ ስኳር የያዘ ከሆነ ችግሩ ክሩ ብቻ ነው፤ ጫፉ እየተተረተረ ረጅም ክር ይሆናል፣ ውሻ ከዋጠው አንጀቱን ይሰበስብበታል። እውነተኛ ማዳበሪያ፣ ዩሪያ ወይም ሌላ የያዘ ከሆነ፣ ወይም ፀረ ተባይ የተቀባ ዘር የያዘ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ከግቢ ይውጣ። ታጥቧል ብለህም አትጠቀምበት።

አሁን ምን ልሥራ ላልከው። የጠፍር አልጋ ሥራለት። አትሳቅ። ገጠር የምታውቀው ያ የቆዳ ጠፍር የተወጠረበት አልጋ ለቆላ ውሻ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። ከመሬት ከፍ ይላል፣ ከሥሩ አየር ያልፋል፣ ውሻው ሲተኛበት ትንሽ ረገብ ስለሚል ክብደቱ ክርኑ ላይ ብቻ አያርፍም። እንደ ስፖንጅ ቁንጫ የሚደበቅበት ሆድ የለውም። በጠፍር ፈንታ የናይለን ገመድ ትጠቀማለህ። ቆዳውንማ ቡቺ በ3 ቀን ቅርጥፍ አድርጎ ይበላዋል።

ክፈፉን ከቤት ፈልግ። ልጆች አድገው ጓዳ የቆመ የሕፃን አልጋ ካላችሁ ቆራሌው ሳይወስደው ያዘው፤ ጎኖቹን ንቀልና የሥሩን ክፈፍ ተጠቀም። ርዝመቱ ይበቃው እንደሆነ ግን ለካ። ቡቺ በጎኑ ተዘርግቶ ሲተኛ ከአፍንጫው እስከ ጭራው መነሻ በሜትር ለካና 20 ሳንቲሜትር ጨምርበት። እሱን ለሚያክል ውሻ 1 ሜትር በ70 ሳንቲሜትር አካባቢ ይወጣል። የሕፃን አልጋ ከሌለ ያረጀ ጠረጴዛ እግርና ዙሪያ ይሆናል፤ ቱቦላሬ ቁርጥራጭ ካለህም ሰፈርህ ያለ ብየዳ ቤት በአጭር ጊዜ ያያይዝልሃል። ፓሌት፣ ዕቃ የሚጫንበት የእንጨት ርብራብ ማለት ነው፣ ካገኘህ ጎኑ ላይ የተመታውን ማህተም አንብብ። ኤች ቲ (HT) የሚለው በሙቀት የታከመ ነው፣ ይሆናል። ኤም ቢ (MB) የሚለው በመርዛማ ጋዝ የታጠነ ነው፣ አትንካው። የተቀባ አሮጌ እንጨትም አልወድም፤ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፣ ውሻ ደግሞ ያኝካል።

የአልጋው እግር ቁመት 15 ሳንቲሜትር ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ሲሆን ውሻው ይጠራጠረዋል፣ ከዚያ ሲያንስ ደግሞ መጥረጊያ ከሥሩ አይገባም። ይኼን ቀላል ነገር አትየው፤ ከሥሩ የሚረግፈውን ፀጉርና እንቁላል በየቀኑ ካልጠረግክ ወለሉ ራሱ ፍራሽ ይሆናል።

ገመዱ የጣት ውፍረት አይፈልግም፣ የልብስ ማስጫ ገመድ ከሚባለው ትንሽ ወፈር ያለ ይሁን። ከ35 እስከ 40 ሜትር ይፈጃል። መጀመሪያ በርዝመቱ በየ5 ሳንቲሜትሩ ክፈፉ ላይ እየጠመጠምክ ወጥር፣ ከዚያ በወርዱ አንዱን ከላይ ቀጣዩን ከሥር እያሳለፍክ እንደ ሰሌን ሥራው። ሁለት ሰው ቢሆን ይሻላል፣ አንዱ ይጎትታል ሌላው ይይዛል። ቋጠሮው ሁሉ ከሥር በኩል ይሁን፣ የተረፈውን ጫፍ በክብሪት አቅልጠህ ዝጋው። በሳምንቱ ይረግባል፣ አትደንግጥ። የጠፍር አልጋም አዲስ ሲሆን ይረግባል፣ እንደገና ይወጠራል።

ገመዱ ላይ ብቻውን አታስተኛው፣ ጥፍሩ ቀዳዳው ውስጥ ሊያዝ ይችላል። ያረጁ ሁለት ጂንስ ሱሪዎች አምጣ። እግሮቹን በስፌታቸው ተርትረህ ዘርጋቸውና አራቱን ጎን ለጎን ድርብ ስፌት ስፋቸው። ዚፕ፣ ቁልፍ፣ የብረት ሪቬት የሚባል ነገር እንዳይቀርበት፤ ውሻ መጀመሪያ የሚነቅለው እሱን ነው። ማሽን ከሌለህ ልብስ ሰፊ ጋ ውሰደው። የሸራ ቁራጭ ካለህ ከጂንስም ይሻላል። እንደ አንሶላ ክፈፉን አልፎ ወደ ሥር የሚታጠፍ አድርገውና አራቱን ማዕዘን ከሥር እሰረው፣ ግን በሚፈታ አስተሳሰር። እንደዚህ ያለ ሁለት ሥራ። አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይነጠፋል፤ አንድ ብቻ ካለህ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ማጠብ ትተዋለህ፣ ሰውን አውቀዋለሁ።

ከላዩ ላይ የሚጣል አንድ ያረጀ ፎጣ ወይም የጋቢ ቁራጭ ለክረምት ሌሊት ይበቃል። የማይሰፋ፣ ዝም ብሎ የሚጣል።

እጥበቱ ላይ ኦሞ ብቻ አይበቃም፣ ሙቀት ያስፈልጋል። ማሽን ካለህ 60 ዲግሪ ላይ አድርገው። ከሌለህ 2 እጅ የፈላ ውሃ በ1 እጅ ቀዝቃዛ ቀላቅል፣ ወደ 70 ዲግሪ ይሆንልሃል። (አዳማ ከፍታዋ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 100 ሳይደርስ፣ 95 አካባቢ ነው።) ጨርቁን ለሩብ ሰዓት ዘፍዝፈህ በዱላ ነገር አገላብጠው፣ እጅህን እንዳትከት። ከዚያ ፀሐይ ላይ ድርቅ እስኪል ይሰጣ። የክፈፉን ገመድም በዚያው ቀን የተረፈውን ሙቅ ውሃ አፍስስበት።

ይኼ ሁሉ ሆኖ ቡቺን ራሱን ካላከምከው ልፋትህ ገደል ገባ። እንደ ክብደቱ የሚሰጥ፣ ጀርባው ላይ የሚንጠባጠብ ወይም የሚዋጥ የቁንጫና የመዥገር መድኃኒት ከእንስሳት ሐኪም ውሰድ፣ በታዘዘልህ ጊዜ ድገምለት፤ ያ ድር ውስጥ ያደፈጠው ሁሉ ወጥቶ እስኪያልቅ 2 ወይም 3 ወር ሊወስድ ይችላል። ከገበያ በግምት የሚሰፈር የከብት መድኃኒት አትጠቀም። ቤት ድመት ካለች ደግሞ ለሐኪሙ ንገረው፣ ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት ድመት ይገድላል። ቡቺ ፊንጢጣ አካባቢ የሩዝ ፍሬ የሚመስል ነገር ካየህ እሱንም አብረህ ንገር። ኮሶ ነው፣ ቁንጫ የዋጠ ውሻ ይይዘዋል፣ ወለል ላይ የሚጫወት ሕፃንም ቁንጫ ከዋጠ ሊይዘው ይችላል።

ካንተ የተለየ ሁኔታ ላላቸው አንባቢዎች ሁለት ነገር ልጨምር። የወለደች ውሻ የገመድ አልጋ አይሆናትም። ቡችላ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ገደማ የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም፣ ከሥሩ አየር የሚያልፍ አልጋ ይገድለዋል። ለእሷ ጥልቅ ካርቶን ወይም የኮመዲኖ መሳቢያ፣ ውስጡ ጋዜጣ፣ በላዩ በየቀኑ የሚቀየር ጨርቅ። ጭድም ይሆናል፣ ግን ሳይሻግት ቶሎ ቶሎ ይለወጥ። ያረጀና መገጣጠሚያው የሚያመው ውሻ ደግሞ ስፖንጅ ያስፈልገዋል። 10 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ጠንከር ያለ ስፖንጅ፣ መጀመሪያ በወፍራም ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ከዚያ በሚወልቅ ጨርቅ። የሚያኝክ ውሻ ግን፣ ዕድሜው ምንም ይሁን፣ ስፖንጅ አይሰጠው። ምንም አይበላም ብለው ካመጡልኝ ቡችላ ሆድ የወጣው ስፖንጅ ጡጫዬን ያክል ነበር።

አልጋው ሲያልቅ ቡቺን ጎትተህ አታስወጣው። እሱ በመረጠው ቦታ አስቀምጠው፣ ያረጀ ቲሸርትህን ላዩ ላይ ጣልበት፣ ቂጣም ቢሆን ቁራሽ ነገር አድርግለትና ዞር በል። መጀመሪያ የፊት እግሩን ብቻ ያወጣና ያሸታል፣ ይወርዳል። ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። የቀን ሙቀት ላይ ተመልሶ ሲሚንቶው ላይ ቢተኛ ተወው፣ ሌሊቱን አልጋው ላይ ካደረ ክርኑ ይመለሳል። ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ላይበቅል ይችላል፤ ቆዳው ካልተሰነጠቀና ካላበጠ ይበቃል።

አሮጌውን ፍራሽ በትልቅ ፌስታል ጠቅልለህ፣ አፉን አጥብቀህ አስረህ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ስጥ። ግቢ ውስጥ አታቃጥለው፣ የስፖንጅ ጭስ መርዝ ነው። ለጎረቤትህ ውሻም እንዳትሰጠው፣ ከነቁንጫው ነው የምትሸኘው።